ዓይን ካሜራ ነው? በአንድ የሰሌዳ ስዕል ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ዕትም የማቀርበው ሂስ በልብ ወለድ ወይም በግጥም ላይ አይደለም። በአንድ ስዕል ላይ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሳይንስ መጻሕፍት እየተገለበጠ በየሰሌዳው የሚሳለው፣ ከጎኑ ለሁለት የተሰነጠቀ የዓይን ስዕል ነው። በግራ በኩል አንድ ዛፍ ቆሟል። ከዛፉ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይነሱና ሌንሱ ላይ ይሻገራሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ዛፉ ተገልብጦና አንሶ ይወድቃል። ከሥሩ «ዓይን እንደ ካሜራ ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ተማሪው ስዕሉን ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፣ የክፍሎቹን ስም ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል፣ በቃ፣ አለቀ።

እኔም እዚህ ሐርጌሳ፣ 31 ሜይ ሰፈር፣ ለስደተኛ ልጆች ይህንን ስዕል ስንት ጊዜ እንደሳልኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ ሂሱ ከሁሉ በፊት ራሴን ይመለከታል። ስዕሉ ውሸት ነው አልልም። ችግሩ መንገድ ላይ ማቆሙ ነው። ይህ መንገድ ላይ መቆም ደግሞ የፈተና ነጥብ ብቻ ሳይሆን የልጅ ዓይን ሊያስከፍል እንደሚችል ዘግይቼም ቢሆን ስለገባኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በመጀመሪያ ግን ለስዕሉ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። ቀን ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ዘግታችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ጣሪያው ላይ ሚስማር የበሳው ቀዳዳ ካለ ወለሉ ላይ ክብ የብርሃን ጠብታ ይወርዳል። ቀዳዳው የተጣመመና የተቀደደ ሊሆን ይችላል፤ ጠብታው ግን ክብ ነው። ለምን ቢባል ወለሉ ላይ የምታዩት የቀዳዳውን ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይዋን ምስል ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2020 ላሊበላ ላይ እንደታየው ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ቀለበት በምትሆንበት ቀን፣ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገባው ጠብታም ቀለበት ይሆናል። ፀሐይዋን በቀጥታ ማየት ዓይን ያቃጥላል፣ ወለሉን ማየት ግን ማንንም አይጎዳም። ቀዳዳው በጣሪያው ላይ መሆኑ ቀርቶ ወደ መንገድ በሚያይ በር ላይ ቢሆንና ክፍሉ በደንብ ቢጨልም ደግሞ፣ የመንገዱ ምስል ተገልብጦ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። አላፊ አግዳሚው በራሱ ቆሞ ሲሄድ ታያላችሁ። ተማሪዎቼ ይህንን ሲያዩ ሳቃቸው አያባራም።

ይህን የጨለማ ክፍል ጉዳይ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ ሆኖ በጥንቃቄ ያጠናው በባስራ የተወለደው ኢብን አል ሃይሰም ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ኤውክሊድስን የመሳሰሉ ታላላቅ ሊቃውንት የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነገሩን ስለሚነካ ነው ይሉ ነበር። ኢብን አል ሃይሰም ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይን ይገባል አለ። ጠንካራ ብርሃን ዓይንን ማሳመሙን እንደ አንድ ማስረጃ አቀረበ። እኛ ጋ እንኳ ቋንቋችን እስካሁን ከድሮዎቹ ጋር ነው። «ዓይኔን ጣልኩበት» እንላለን፣ «በዓይኑ በላው» እንላለን። መምህራን ሆይ፣ ስዕሉን ከመሳላችሁ በፊት «ስናይ ከዓይናችን የሚወጣ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ክፍሉን ጠይቁ። ብዙ እጅ ይነሳል። ያንን እጅ ሳያወርዱ ስዕል መሳል ያው ሽምደዳ ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1604 ዮሐንስ ኬፕለር ምስሉ በዓይን ጀርባ ላይ፣ ሬቲና ላይ፣ ተገልብጦ እንደሚያርፍ ጻፈ። በዚያ ዘመን ዓይንን ከጨለማ ሳጥን ጋር ማመሳሰል ትልቅ ድል ነበር። ማመሳሰሉ አሁንም ለዓይን የፊት ግማሽ ጥሩ አድርጎ ይሠራል።

ለዚህ የፊት ግማሽ ግን ከስዕል የሚሻል ነገር ከሥጋ ቤት ይገኛል። የፍየል ዓይን! ምላጩን መምህሩ ብቻ ይያዝ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ፊት ለፊት ያለውን ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ኮርኒያውን፣ በጣታችሁ ዳሱት። ከውስጥ የምትወጣውን ምስር መሰል ሌንስ በጋዜጣ ላይ ብታስቀምጧት ፊደሉን ታጎላለች። ከኋላ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር ታገኛላችሁ፤ ፍየሎች ሌሊት በባትሪ ሲበራባቸው ዓይናቸው የሚያበራው በሱ ነው። የሰው ዓይን ይህ የለውም። እዚህ ላይ «ቲቸር፣ እኔ ዛሬ እራት አልበላም» የሚል ተማሪ አይጠፋም፣ ቻሉት።

አሁን ወደ ሂሱ ልግባ። ስዕሉ ብርሃን የሚያጥፈውን ሥራ ሁሉ ለሌንሱ ይሰጣል። መስመሮቹ ኮርኒያውን ምንም እንዳልሆነ ነገር ሰንጥቀው ያልፉና ሌንሱ ላይ ብቻ ይታጠፋሉ። ይሄ ስህተት ነው። ብርሃንን ከማጠፍ ሥራ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚሠራው ኮርኒያ ነው። በርበራ ሄዶ ባሕር ውስጥ ዓይኑን የገለጠ ሰው ማስረጃው በራሱ ላይ ደርሷል፣ ሁሉ ነገር ብዥ ይላል። ውሃ ኮርኒያውን ሲነካ ኮርኒያው የማጠፍ ኃይሉን ያጣል፣ ሌንሱ ብቻውን አይችለውም። የሌንሱ ድርሻ ጥራትን ከርቀቱ ጋር ማስተካከል ነው። ካሜራ ይህንን የሚሠራው ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ሲሆን የሰው ዓይን ግን ሌንሱን ያወፍራል፣ ያሳሳል። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ሌንሱ እየደረቀ እምቢ ይላል። አባቶቻችን ደብዳቤውን ክንዳቸው እስኪያልቅ ድረስ አርቀው የሚያነቡት ለዚህ ነው።

እዚህ ድረስ ያለው «ይታረም» ተብሎ የሚታለፍ ነው። የሚቀጥለው ግን አይታለፍም። ስዕሉን እንደገና ተመልከቱት እስቲ። የዓይን ቆብ የታለ? ሽፋሽፍትስ? የለም። ኳስ ብቻ ነው የተሳለው። ካሜራ ቆብ ስለሌለው ይሆናል። ነገር ግን ከአማራ ክልል የመጣ ተማሪ ስለ ዓይን አንድ ነገር ብቻ መማር ካለበት መማር ያለበት ስለ ቆቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። የዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህል መንስኤ የዓይን ሞራ ሲሆን ትራኮማ፣ ማለትም ማዝ የምንለው፣ ያደረሰው የኮርኒያ ጠባሳ ደግሞ ከመቶ 11.5 ያህሉን ይይዝ ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ንቁ ትራኮማ የተገኘባቸው በአገር ደረጃ ከመቶ 40፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 62 በላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዘመቻ በተሰጠው መድኃኒትና በተካሄደው የቆብ ቀዶ ሕክምና በብዙ ወረዳዎች ቀንሷል፣ ሆኖም ከክልሉ ጨርሶ አልጠፋም።

ትራኮማ እንዴት ያሳውራል? ተህዋሲው የሚቀመጠው በቆቡ የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። ልጁ ይድናል፣ እንደገና ይያዛል፣ ይድናል፣ ይያዛል። ከብዙ ዓመት በኋላ የላይኛው ቆብ ውስጡ ጠባሳ ያበጅና ወደ ውስጥ ይኮማተራል፣ ሽፋሽፍቱም ተጠማዞ ኮርኒያውን በየርግብግቢቱ ይፍቃል። እናቶቻችን በወረንጦ የሚነቅሉት ይህንን ፀጉር ነው። የተፋቀ መስታወት እንደሚደበዝዝ ኮርኒያውም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሌንሱ ደህና ነው፣ ሬቲናው ደህና ነው፣ መስኮቱ ግን ተዘጋ። ይህንን ሁሉ ቆብ በሌለው ስዕል ላይ የት ጋ ነው የምናሳየው? ፊትን መታጠብ ለምን የሳይንስ ትምህርት እንደሆነ ያ ስዕል አይነግረንም።

ወደ ኋላ እንሂድ። መጽሐፉ «ሬቲና እንደ ፊልም ነው» ይላል። ዛሬ ፊልም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ ራሱ የለም፣ ሁሉም የሚያውቀው የሞባይል ካሜራ ነው። ግን ለሁለቱም ቢሆን አይመስልም። ሬቲና ላይ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩ 120 ሚሊዮን ገደማ ዘንግ መሰል ሕዋሳትና በቀን ብርሃን ቀለም የሚለዩ 6 ሚሊዮን ገደማ ሾጣጣ ሕዋሳት አሉ። በነዚህ ውስጥ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ንጥረ ነገር አለ። ብርሃን ሲነካው ታጥፎ የነበረው ቅርጹ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ሕዋሱ መልእክቱን ይለውጣል። የሚገርመው ደግሞ ሕዋሱ የሚናገረው በጨለማ ሲሆን ብርሃን ሲመጣ ዝም ይላል። ንጥረ ነገሩ ሁልጊዜ መታደስ ስላለበት ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሰው መጀመሪያ የሚያጣው የምሽት ዕይታውን ነው። ዳፍንት ማለት ይሄ ነው። ማምሻውን በሰው የሚጋጭና በዕቃ የሚደናቀፍ ሕፃን ካያችሁ «ቀዥቃዣ ነው» ከማለታችሁ በፊት ዳፍንትን አስቡ። ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ካሮት፣ ጎመን መድኃኒቱ ናቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብልም ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ቫይታሚን ኤ ለዕይታ ምን እንደሚሠራ የደረሰበት ጆርጅ ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ኖቤል ተሸልሟል።

ቀጥሎ ያለውን አሁኑኑ ሞክሩት። ወረቀት ላይ በግራ መስቀል፣ በቀኝ ደግሞ ጠቆር ያለ ነጥብ ሳሉ፣ በመካከላቸው 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑና በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ከፊታችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ አድርጉት፣ ጥቂት አቅርቡት፣ አርቁት። ነጥቡ ጠፋ አይደል? ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ቁም ነገሩ ግን መጥፋቱ አይደለም። ነጥቡ በጠፋበት ቦታ ምን አያችሁ? ጥቁር ጉድጓድ አላያችሁም፣ ነጭ ወረቀት ነው ያያችሁት። ማነው ወረቀቱን የሞላው? ዓይን አይደለም።

ስዕሉ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ከዓይኑ ጀርባ አጭር ጅራት ይስልና «ወደ አንጎል» ብሎ በቀስት ይጨርሳል። ማየት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ቀስት በኋላ ነው ያለው! ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዋሳት የሰበሰቡትን የሚወስደው ነርቭ 1 ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ ሬቲና ራሱ ከመላኩ በፊት ይመርጣል፣ ያጠቃልላል፣ የብርሃንና የጥላ ድንበሮችን ያጎላል። የሚሄደው ፎቶ ሳይሆን መልእክት ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ብታዩ፣ በጣም አጥርታችሁ የምታዩት ቦታ ስፋቱ ከጥፍሩ ብዙም አይበልጥም። የቀረውን ዓይናችን በሴኮንድ ሦስት አራት ጊዜ እየዘለለ ይለቃቅማል፣ አንጎል ይሰፋዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አነሳና «ቲቸር፣ ምስሉ ተገልብጦ ከወደቀ እኛ ለምን ሰውን ዘቅዝቀን አናየውም?» አለኝ። «አንጎል መልሶ ይገለብጠዋል» አልኩት። ክፍሉ ረካ፣ እኔም ረካሁ። ግን ይሄ መልስ አይደለም እኮ! አንጎል ውስጥ ተቀምጦ ምስል የሚያይ ሌላ ትንሽ ሰው ካለ፣ ለሱስ ማን ያይለታል? እውነቱ እንዲህ ነው፦ አንጎል ውስጥ የሚገለበጥ ፎቶ የለም። አንጎል የሚማረው ከሬቲና ታችኛው ክፍል የሚመጣ መልእክት እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ከሚነካው ነገር ጋር እንደሚገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ጆርጅ ስትራተን የተባለ አሜሪካዊ ሁሉን ነገር የሚገለብጥ መነጽር አድርጎ ስምንት ቀን ሰነበተ። መጀመሪያ ዕቃ ማንሳት አቃተው፣ በኋላ ግን እየለመደው ሄደ። ለዚያ ልጅ ይህንን መልስ ሳልሰጠው ከዚህ አገር ሄዷል፣ የት እንዳለ አላውቅም።

ጦርነት ከነበረበት አገር ለመጣን ሰዎች ሌላም ምሳሌ አለ። በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905፣ የኋላ ራሳቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮች ነበሩ። ዓይናቸው ምንም አልሆነም። ግን የዕይታቸው አንድ ክፍል ጠፍቷል። ታትሱጂ ኢኖዬ የተባለው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ቦታ ከጠፋው የዕይታ ክፍል ጋር እያስተያየ አንጎል የት ላይ እንደሚያይ ካርታ ሠራ። ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ በራስ ቅላችን የኋላ ግድግዳ ላይ ነው። እንግዲህ «ዓይኑ ደህና ነው» ማለትና «ያያል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ብዙ ሰው «ዓይን ይቀየራል አሉ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ሰዎች ሲሞቱ በፈቃዳቸው የሚለግሱትን ይሰበስባል፤ ለሕሙማን የሚተከለው ግን ኮርኒያው ነው። ሙሉ ዓይን እንደ ካሜራ ተነቅሎ ሌላ ቢተካ፣ ያን ሁሉ የነርቭ ክር ማን ይቀጥለዋል? እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓይን ለአንድ ሰው ተተክሏል። ዓይኑ ደም እየተዘዋወረበት ኖረ፣ ማየት ግን አልቻለም።

የመጨረሻው ነቀፌታዬ ስዕሉ አንድ ዓይን ብቻ መሆኑ ነው። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ክፉውን ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን ይስሉት እንደነበር ታውቃላችሁ። በነሱ ሕግ የኛ የባዮሎጂ ስዕል ሰይጣን ነው ማለት ነው። ቀልዱን ልተወውና፣ ስዕሉ አንድ ዓይን ብቻ ስላለው ሁለት ዓይኖች አንድ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ አንዲት ቃል አይልም። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከአንጎል ሥር ተገናኝተው ግማሽ ግማሻቸው ይሻገራል፣ አንጎልም ሁለቱን አጋጥሞ ጥልቀትና ርቀት ያወጣል። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ መርፌ ውስጥ ክር አስገቡ፣ ታዩታላችሁ። ሁለቱ ዓይኖች ወደ አንድ ቦታ ካልተመለከቱ ግን አንጎል ሁለት የማይገጥሙ መልእክቶች ይደርሱታል። የትልቅ ሰው አንጎል ከሆነ ነገሩን ድርብ አድርጎ ያየዋል። የሕፃን አንጎል ከሆነ አንዱን ዓይን መስማት ያቆማል።

ከዓመታት በፊት አንዲት የሰፈራችን እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቱ ግራ ዓይን ወደ አፍንጫዋ ዞር ያለ፣ ሸውራራ የምንለው ዓይነት ነበር። «ጋሼ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ይሄን ነገር አሁን ላሳይ ወይስ ገንዘብ እስካገኝ ልቆይ?» አለችኝ። እኔ መምህሩ ምን አልኳት? «ምንም አይደል፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ መልክ ብቻ ነው፣ ስታድግ ይስተካከላል።» በልቤ ያለው ካሜራው ነበር። ካሜራ መጥፎ አቅጣጫ ቢያይ ዛሬም ነገም መልሶ ማዞር ይቻላል፣ እየጠበቀ አይበላሽም። ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ሐኪም አያት። ዓይኑ በእርግጥ ጤነኛ ነበር፣ ኮርኒያው ጥርት ያለ፣ ሌንሱ ጥርት ያለ፣ ሬቲናውም ደህና። ግን በዚያ ዓይን ትልልቁን ፊደል እንኳ መለየት አቃታት። አንጎሏ ያንን ዓይን መጠቀም ሳይማር አድጓል። ሐኪሞች «ሰነፍ ዓይን» ይሉታል፣ ስሙ ደስ አይለኝም፣ የሰነፈው ዓይኑ አይደለማ።

ይህ ከታወቀ ቆይቷል። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዘል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጥቂት ወራት ሸፍነው ከፈቱት። ዓይኑ ራሱ ሳይጎዳ ድመቷ በሱ ማየት አልቻለችም። ያደገች ድመት ዓይን ለዚያው ያህል ጊዜ ቢሸፈን ግን ምንም አይሆንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል የተሰጣቸው እንዲህ ላለው ሥራቸው ነው። የሰው ልጅም እንደዚሁ ነው። አንጎል ማየትን የሚማርባቸው ዓመታት አሉ፤ ሕክምናው ከሰባት ዓመት ዕድሜ በፊት ቢጀመር የተሻለ ይሠራል። ከዚያ በኋላም እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ መሻሻል የሚያሳዩ ልጆች ስላሉ «አልፎበታል» ብሎ መተው አይገባም፤ ነገር ግን በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ መነጽርና ደህናውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ነው፤ ደካማው እንዲሠራ ለማስገደድ። እናቶች ይህን ሲሰሙ «ደህናውን ሸፍናችሁ ልጄን ልታሳውሯት ነው?» ብለው ይቆጣሉ። አይፈረድባቸውም። እኛ በካሜራ ስዕል ያስተማርናቸው ልጆች ናቸው ዛሬ እናት የሆኑት።

ሸውራራ ዓይን ቢያንስ ይታያል። ክፉው አንዱ ዓይን በቅርበት ወይም በርቀት ችግር ምክንያት ብዥ ሲል ነው፣ ምክንያቱም ልጁ በሌላው ዓይን ስለሚያይ አይናገርም፣ ራሱም አያውቀውም። ለዚህ የሚበጀውን ማንም መምህር በነጻ ሊሠራው ይችላል። ካርቶን ላይ በጥቁር ቀለም የላቲኑን ኢ ፊደል ሳሉ፣ ቁመቱና ስፋቱ 17.5 ሚሊ ሜትር፣ የየመስመሩ ውፍረትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልጁን ብርሃን ባለበት 6 ሜትር ርቀት ላይ አቁሙት። ካርቶኑን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ የፊደሉ እግሮች ወዴት እንደሚያዩ በእጁ ያሳይ። ማንበብ የማይችል ሕፃንም ይህንን ይችላል። አንድ አንድ ዓይን፣ ሌላውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ሳይጫነው። በአንዱም ዓይን ቢሆን ካልለየ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።

የኛ ፊደል ደግሞ እዚህ ላይ ልዩ ጠባይ አለው። ቡ፣ ቢ እና ቤ ግንዳቸው አንድ ነው። የሚለያዩት ጎናቸው ላይ ወይም እግራቸው ሥር ባለች ትንሽ ጭረት ነው፣ ቢ እና ቤን የሚለያቸውም ጭረቷ መጠቅለሏና አለመጠቅለሏ ብቻ ነው። ሩቅ የማያይ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ ግንዱን ያያል፣ ጭረቷን አያይም። ስለዚህ «ቤት» የሚለውን «ቢት» ብሎ ያነባል። እኛ ደግሞ «ፊደል አልቆጠረም፣ ሰነፍ ነው» እንላለን። ስንቱን ልጅ እንዲህ ብለን ከፊት ወንበር ይልቅ ወደ ኋላ ወንበር ልከነዋል!

ያቺ ልጅ አሁን ዓይኗን በቀን ሁለት ሰዓት ትሸፍናለች። ምን ያህል እንደሚመለስላት ወደፊት ይታያል፣ እስካሁን ሁለት መስመር ወደ ታች ወርዳለች። እኔም በዚህ ሴሚስተር ስዕሉን ለመቀየር ሞከርኩ። ሁለት ዓይን ሳልኩ፣ ቆብና ሽፋሽፍት ጨመርኩ፣ ነርቮቹን አሻገርኩ፣ ከዚያም ወደ ኋላ እየጎተትኩ ወሰድኳቸው። ሰሌዳው አልቆብኝ የማጅራቱን በኩል ግድግዳው ላይ በከሰል ጨረስኩት።